ስድስት ሰዓት ሲሞላ የሚነሳ እጅ፦ የአንድ የድሬዳዋ ባጃጅ ሹፌርና የጫት ሐራራ ጉዳይ

ለምን ጻፍኩት

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው። ባጃጅ ውስጥ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ባጃጁ መጋላ፣ ጫት ከሚሸጥበት ቦታ ራቅ ብሎ ጥላ ስር ቆሟል። ሹፌሩ ስለ ልጁ የሒሳብ ፈተና እያወራኝ ነው። በወሬው መሀል ግራ እጁ ተነሳ። ከመሪው ስር ወዳለችው ትንሽ ዕቃ ማስቀመጫ ሄደ፣ ክዳኗን ከፈተ፣ ውስጧን ዳበሰና ተመለሰ። ወሬው አልተቋረጠም።

«ምን ፈልገህ ነው?» አልኩት።

«ምኑን?»

«እጅህ ምን ፈልጎ ነው?»

እጁን አየው። «አቦ ሲስተር፣ ምንም አልፈለግኩም» አለ።

ያቺ ማስቀመጫ ለዘጠኝ ዓመት የጫቱ ቦታ ነበረች። ጫት ካቆመ አራተኛ ሳምንቱ ነበር። እጁ ግን ማቆሙን አልሰማም።

የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ስለ ሱስና ስለ አንጎል የተጻፈ ነገር ሳገኝ አነባለሁ። ያነበብኩት ነገር በዚህ ከተማ፣ በዚህ ሙቀት፣ በቀትር ምን እንደሚመስል ያሳየኝ ግን ይህ ሰው ነው። ጉዳዩን የምጽፈው በፈቃዱ ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ ማንነቱን ሊጠቁሙ የሚችሉ ነገሮችንም ቀይሬአለሁ። የራሴን ስህተቶች ግን አልቀየርኩም።

ሰውየው

34 ዓመቱ ነው። ድሬ ተወልዶ ድሬ ያደገ፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነው። ጫት የጀመረው በ17 ዓመቱ፣ እንደ ብዙዎቻችን ወንድሞች «ለጥናት» ተብሎ ነው። ጥናቱ አለቀ፣ ጫቱ ቀረ።

ወደ እኔ ሲመጣ ቀኑ በጫት የተከፋፈለ ነበር። ጠዋት ከትናንት የተረፈውን ለኢጃበና፣ ማለትም የጠዋቱን ሐራራ ለማስታገስ፣ ይቅማል። ስድስት ሰዓት ሲሆን አዲስ ይገዛል። ከሰዓት በርጫ፣ ማለትም ከጓደኞች ጋር ተቀምጦ መቃም፣ አለ። ከዚያ በኋላ ምርቃናውን ለማብረድ አልፎ አልፎ ጨብሲ፣ ማለትም መጠጥ፣ ይመጣል። እንቅልፍ የሚወስደው ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ ነው፤ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ደግሞ ለሥራ ይነሳል።

የመጣው ጫት ላቁም ብሎ አልነበረም። ያመጣችው ባለቤቱ ናት። ትንሹ ልጁ ሻይ ደፋ ብሎ በጥፊ መትቶት፣ ከዚያ ራሱ ሲያለቅስ አድሮ ነበር። «ከሰዓት ሌላ ሰው ነው፣ ማታ ሌላ ሰው ነው፣ ጠዋት ደግሞ ጭራሽ አይነካም» አለችኝ። «ያገባሁት የቱን እንደሆነ ጠፍቶኛል።» እሱ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ስለ ጥፊው አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ጤነኛ ወጣቶችን ለ35 ሰዓት ያህል እንቅልፍ ከልክሎ የሚያስከፋ ሥዕል አሳያቸው። አሚግዳላ የምትባለው፣ ለስጋትና ለቁጣ ፈጥና የምትነሳው የአንጎል ክፍል፣ ከተኙት ሰዎች ጋር ሲነጻጸር ከ60 በመቶ በላይ ከፍ ብላ ነደደች። ከግንባር በኩል ያለውና «ቆይ፣ ረጋ በል» የሚላት ክፍል ከእሷ ጋር ያለው ግንኙነትም ላልቶ ተገኘ። የእኛ ሰው በቀን ሦስት ሰዓት ተኩል እየተኛ ዓመታት አሳልፏል። ይህ ጥፊውን ትክክል አያደርገውም። ለባለቤቱ ግን ከክፋት ሌላ ምክንያት ሰጣት፤ ያን ቀን ያስፈለጋትም እሱ ነበር።

ሦስቱ ሙከራዎች

ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ነበር። የመጀመሪያው ዝም ብሎ «በቃ» ማለት ነው። አራት ቀን ቆየ።

ሁለተኛው ስለት ነው። ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል በእግሩ ሄዶ ተሳለ። ሁለት ሳምንት ያህል ጫት አልነካም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ተሳፋሪ የጫት እስሩን ረስቶበት ወረደ። ቀሪውን መናገር አያስፈልግም። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረው ግን ጫቱ ሳይሆን ስለቱ ነው፤ ለብዙ ወራት ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቁሞ ነበር።

ሦስተኛው ነው ጉዳዩን አስተማሪ ያደረገው። ባለፈው ክረምት አዳማ ወንድሙ ጋ ሄደ። ብሎኬት ሲያመርት ሁለት ወር ተኩል ቆየ። የመጀመሪያው ሳምንት ከብዶት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን፣ በራሱ ቃል፣ «ጫት ትዝም አላለኝ»። ልብ በሉ፣ አዳማ ጫት ጠፍቶ አይደለም። ከወንድሙ በር ትንሽ ራቅ ብሎ ይሸጣል። አልፎት ይሄዳል።

መስከረም መጨረሻ ላይ ዳነ ተብሎ ተመለሰ። መኪናው ደንገጎ ደርሶ ቁልቁለቱን ሲጀምር የድሬ ሙቀት በመስኮቱ ገባ። «አፌ ውሃ ሞላ» አለኝ። «መንጋጋዬ ራሱ ተንቀሳቀሰ። ጫት አላየሁም እኮ! ሙቀቱ ብቻ ነው።» በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ በርጫ ተቀምጦ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ድሮው መጠን ተመለሰ። ባለቤቱ ተስፋ የቆረጠችው ያኔ ነው። እሱም ስለ ራሱ የደመደመው ያኔ ነው፦ «እኔ ወኔ የለኝም።»

ሁለት ወር ተኩል ብሎኬት ያወጣ ሰው ወኔ የለውም ለማለት ይከብዳል።

ሐራራው የት ነው ያለው?

ጫት ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ካቲኖን ይባላል። አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር ይቀራረባል፤ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለው የነርቭ ሴሎች መልእክት ማስተላለፊያ ኬሚካል እንዲለቀቅ ያደርጋል። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖን ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። የአወዳይ ጫት ተጠቅልሎ፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ፣ በሚበርር መኪና የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። ነጋዴው ኬሚስትሪውን ባያውቅም አሳምሮ ይሠራበታል።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ጫት መቃም ከተጀመረ በኋላ ካቲኖን በደም ውስጥ ጣሪያ የሚደርሰው ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ቆይቶ ነው። ታዲያ የእኛ ሰው ገና እስሩን በእጁ ሲይዝ፣ አንድ ቅጠል ሳይበጥስ፣ ፊቱ የሚፈካው ለምንድን ነው?

መልሱ ከዝንጀሮዎች መጣ። ቮልፍራም ሹልትዝ የተባለ ተመራማሪ ዶፓሚን የሚለቁ የነርቭ ሴሎችን እያዳመጠ ለዝንጀሮዎች ጭማቂ ይሰጥ ነበር። መጀመሪያ ሴሎቹ የሚጮኹት ጭማቂው ሲመጣ ነው። ከጭማቂው በፊት ምልክት እየሰጠ ሲደጋግም ጩኸቱ ወደ ምልክቱ ዞረ፤ ጭማቂው ራሱ ሲመጣ ግን ዝም አሉ። ምልክቱ ታይቶ ጭማቂው ሲቀር ደግሞ፣ ልክ ይመጣ በነበረበት ቅጽበት፣ ሴሎቹ ከተለመደው በታች ወረዱ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1997 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በጻፈው ጽሑፍ በሰፊው ታወቀ። ዶፓሚን «የደስታ ቅመም» ነው የሚባለው ወሬ ከዚያ ወዲህ ብዙም አያስኬድም። ዶፓሚን የሚነግረን ያገኘነው ከጠበቅነው በላይ ወይም በታች መሆኑን ነው።

ይህን ወደ ባጃጁ እናምጣው። ምልክቱ ስድስት ሰዓት ነው፣ ሙቀቱ ነው፣ ከኋላ ወንበር የሚመጣው የእርጥብ ቅጠል ሽታ ነው። ስድስት ተኩል ላይ ጫቱ ካልመጣ መውረድ አለ። ተሳፋሪ ላይ የሚጮኸውም ያኔ ነው።

ሌላው ያስገረመኝ ነገር መውደድና መፈለግ የተለያዩ መሆናቸው ነው። ኬንት ቤሪጅ ዶፓሚናቸው የጠፋባቸውን አይጦች አጥንቷል። ስኳር አፋቸው ውስጥ ሲገባ ከንፈራቸውን እንደ ድሮው ይልሳሉ፤ ጣፍጧቸዋል። ለማግኘት ግን አንድ እርምጃ አይራመዱም። የእኛ ሰው የዚህ ግልባጭ ነው። «ምርቃናው ድሮ ቀረ ሲስተር። አሁን የምቅመው ደህና ለመሆን ነው» ይላል። መውደዱ አልቋል። መፈለጉ ግን እንደ ጎረምሳ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ኖራ ቮልኮው እና ባልደረቦቿ 18 የኮኬይን ሱሰኞችን ቪዲዮ አሳዩ። አንዱ ቪዲዮ የተፈጥሮ ትዕይንት ነው፣ ሌላው ሰዎች ኮኬይን ሲጠቀሙ ያሳያል። ዕፅ የቀመሰ የለም። ሆኖም ሁለተኛውን ሲያዩ የላይኛው ስትራያተም ውስጥ፣ ማለትም ልማድ በሚቀመጥበት አካባቢ፣ ዶፓሚን ጨመረ። የበለጠ የጨመረባቸው የበለጠ አማራቸው። የኛ ሰው እጅ ሳያስፈቅደው የሚነሳው ከዚህ ዓይነት መስመር ነው ብዬ አስባለሁ።

አዳማን የሚያስረዳው ደግሞ የቬትናም ወታደሮች ታሪክ ነው። እዚያ ሄሮይን የለመዱ ብዙ የአሜሪካ ወታደሮች ነበሩ። ሊ ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1971 የተመለሱትን ተከታትላ ስታጠና፣ እዚያ ሱሰኛ ከነበሩት በመጀመሪያው ዓመት እንደገና ሱስ ውስጥ የገቡት 5 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኑ። በእርግጥ አገራቸው ሄሮይን እንደዚያ በቅርብና በርካሽ አይገኝም ነበር፤ ስለዚህ ሁሉንም ለቦታ ለውጥ መስጠት ልክ አይደለም። የእኛ ሰው ግን አዳማ ላይ ጫቱን በር ላይ አግኝቶ አልፎታል። ወታደሮቹ ከምልክቶቹ ወጥተው ቀሩ፤ እሱ ተመልሶ መሀላቸው ገባ።

ያልተሳካልኝ

ለጫት ሱስ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም። ስለዚህ የቀረን ልማዱን ራሱን መያዝ ነው። ኅዳር ላይ አንድ የተማሪ ደብተር ሰጠሁት። ሐራራው በመጣ ቁጥር ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ከአሥር ስንት እንደሆነ እንዲጽፍ ነገርኩት። ታኅሣሥ 1 የማቆሚያ ቀን ሆነ፤ የመረጠው እሱ ነው። እስከዚያ ኢጃበናውን አስቀርቶ መጠኑን እየቀነሰ መጣ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ሥዕል ነው። በነጭ ወረቀት ላይ አንጎል ሣልኩ። ዶፓሚኑን፣ ስትራያተሙን፣ ሁሉንም በቀስት አገናኘሁ። በጣም ተደስቼበታለሁ። እሱ ግን ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ለጓደኞቹ «አንጎሌ ተበላሽቷል ተብያለሁ» ብሎ አወራ። በሚቀጥለው ሳምንት መጠኑ ጨመረ። «የተበላሸ ነገር እኮ ነው፣ ምን አደርጋለሁ?» አለኝ። ሳላውቅ ምክንያት ሰጥቼው ነበር። ያን ቀን «ተበላሸ» ሳይሆን «ተማረ» ማለት ጀመርኩ። አንጎልህ ስድስት ሰዓትን ተምሯል፤ የተማረ አንጎል ሌላም ይማራል። አንድ ቃል ነው፤ ግን ልዩነት አመጣ።

ሁለተኛው ስህተቴ «ከጓደኞችህ ራቅ» ማለቴ ነው። ይህ የሁላችንም ምክር ነው። በርጫ ግን ለድሬ ሰው ቅጠል ብቻ አይደለም። ዕቁቡ እዚያ ነው፣ የተጣላ የሚታረቀው እዚያ ነው፣ ጎማ ሲፈነዳ ብር የሚበደረው እዚያ ነው። ጓደኞቹን ሳስጥለው ምንም አልተካሁለትም። ከሰዓት ቤቱ ተኝቶ ጣሪያ ያይ ጀመር።

ከዚያ ዱካክ መጣ። በመጀመሪያው የታኅሣሥ ሳምንት ሌሊት ጥቁር ነገር ደረቱ ላይ ተቀምጦ አንቆት እየጮኸ ተነሳ። አነቃቂ ነገር ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ሕልም የሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ይታፈንበታል፤ ሲያቆም የታፈነው በአንድ ጊዜ ይመጣል። ይህን ነገርኩት። እናቱ ደግሞ የራሳቸው መፍትሔ ነበራቸው፤ ማታ ማታ ዕጣን ማጨስ። እኔም ምን ይጎዳል ብዬ ዝም አልኩ።

ደብተሩ ግን ዝም አላለም። ሦስት ሌሊት ተከታታይ «ቤት፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት፣ 9» ይላል። በዚያ ሰዓት ሐራራ መጥቶበት አያውቅም። ቆይቼ ነው የገባኝ። የበርጫ ቤታቸው ከሰዓት የሚታጠነው በዕጣን ነው! እማማ ዱካክን ሲያባርሩ ሐራራን ይጠሩ ነበር። ዕጣኑ እንዲቀር እሳቸውን ማሳመን ከሁሉ ከባዱ ሥራዬ ነበር። በመጨረሻ የተስማማነው እሳቸው ራስጌው ሆነው እንዲጸልዩ ነው።

ሦስተኛው ስህተቴ ከመጽሐፍ የተወሰደ ሙከራ ነው። ምልክቱን ደጋግሞ ማሳየት፣ ጫቱን ግን አለመስጠት። ፓቭሎቭ ደወል ያለ ምግብ ሲደጋግም የውሾቹ ምራቅ እንደቆመ ሁሉ ሐራራውም ይደክማል። አንድ እስር ጫት አስገዝቼ ቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። (ባልደረቦቼ ለሳምንት ያህል ሲስቁብኝ ከረሙ። ጫቱ የት እንደገባም ቁልጭ ያለ መረጃ የለኝም።) ያየዋል፣ ያሸተዋል፣ አይነካውም። በመጀመሪያው ቀን 9 አለ። በአራተኛው ቀን 3። ተጨባበጥን።

ከቢሮ ወጥቶ ባጃጁን አስነስቶ የደቻቱን ወንዝ ሳይሻገር ደወለልኝ። «ሲስተር፣ 9 ነው።»

ይህ በሳይንሱ የታወቀ ነገር ነው፤ እኔ ነኝ የዘነጋሁት። የደከመ ምላሽ የተሰረዘ ምላሽ አይደለም። የፓቭሎቭ ውሾችም ጥቂት ካረፉ በኋላ ምራቃቸው ተመልሶ ነበር። ማርክ ቡተን ለዓመታት ባደረጋቸው ሙከራዎች ያሳየውም የድሮው ትምህርት ቦታው ላይ እንዳለ፣ አዲሱ ትምህርት ከላዩ እንደሚደረብ፣ አዲሱም ከተማረበት ቦታ ጋር እንደሚታሰር ነው። የእኛ ሰው የተማረው ጫትን ሳይሆን የእኔን ቢሮ ነው። ቢሮዬ ውስጥ ጫት አይቃምም፤ ይህን ደግሞ ቀድሞም ያውቀዋል።

ፍሬ ያፈራው

ስለዚህ እኔ ቢሮዬን ትቼ ባጃጁ ውስጥ ገባሁ።

ለሦስት ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከአምስት ተኩል እስከ ስድስት ተኩል ከኋላው ተቀመጥኩ። ከሳቢያን ተነስተን በከዚራ አድርገን፣ ደቻቱን ተሻግረን መጋላ እንገባለን። ጫት ተራው አጠገብ እንቆማለን። ሞተር ይጠፋል። መኪናው ሲደርስ፣ ሻጮቹ ሲጯጯሁ፣ እስሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ እናያለን። በየአምስት ደቂቃው ቁጥር ይነግረኛል። 8፣ 9፣ 9፣ 8፣ 6። እጁ የተነሳው በነዚህ ቀናት በአንዱ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ማስቀመጫዋ ውስጥ የውሃ ላስቲክ አደረግን። እጁ ሲሄድ ውሃ ያገኛል፤ ይጠጣል። በመጨረሻው ቀን ስድስት ተኩል ላይ 3 ነበር።

ሁለት ነገር አስተዋልኩ። አንደኛ፣ ምሳ በልቶ የመጣ ቀን ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይጀምራል። ሁለተኛ፣ ሐራራው ማዕበል ነው። ሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ያናውጠዋል፣ ከዚያ ይወርዳል። እሱ ግን በ17 ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ እስኪወርድ ጠብቆት አያውቅም፤ ሁልጊዜ ጫፉ ላይ ሳለ ይገዛል። ካልቃመ እየጨመረ የሚሄድ ይመስለው ነበር። መውረዱን በዓይኑ ሲያይ «በቃ ይኼው ነው?» አለ።

ዋናው መፍትሔ ግን የእኔ አይደለም። የባለቤቱ ነው። ጥር ላይ ሰፈር ውስጥ የልጆች ሰርቪስ የሚፈልጉ ወላጆችን አፈላልጋ አገኘች። የጠዋት ተማሪዎች ናቸው፣ አምስት ልጆች። ከትምህርት ቤት የሚወጡት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ለስድስት ሩብ ጉዳይ በር ላይ መቆም አለበት፤ የመጨረሻውን ልጅ ሲያደርስ ሰባት ሊሆን ነው።

ይህ ለምን ከእኔ ምክር ሁሉ እንደበለጠ ብዙ አስቤበታለሁ። ሥራ ይዞታል ማለት ብቻ አይደለም። በፊትም በቀትር ሥራ ላይ ነበር፤ ግን ተሳፋሪው ጫት ገዢ ነበር። አሁን ከኋላ የሚመጣው ሽታ የቆሎና የደብተር ነው። ሐራራው ይመጣል፣ ባጃጁን ግን ወደ መጋላ ማዞር አይችልም፤ አምስት ልጆች ይጮሃሉ፣ አምስት እናቶች በር ላይ ቆመዋል። ማዕበሉ መንገድ ላይ ሳለ ያልፋል። በየቀኑ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሙቀት፣ በዚያው ወንበር። ቢሮዬ ውስጥ አራት ቀን የሞከርኩትን ልጆቹ በሳምንት አምስት ቀን አደረጉት።

ከጓደኞቹም አልተለየም። ከሰዓት አይሄድም። ማታ ሙቀቱ ሲበርድ፣ በርጫው ሲያልቅ፣ ሻይ ይዞ ይቀላቀላቸዋል። ዕቁቡንም አልተወም። መጀመሪያ ቀልደውበት ነበር። በኋላ አንዱ ዕቁብተኛ ለብቻው ጠርቶ «እንዴት አደረግኸው?» አለው።

ለቅሶው

መጋቢት ላይ ጎረቤት ሰው ሞተ። ድንኳን ተተከለ። ሌሊቱን ለሚያድሩት ጫት መጣ። ለቅሶ ላይ ሰርቪስ የለም፣ ስድስት ሰዓት የለም፣ እኔ የለሁም። ቃመ። ሦስት ቀን ቃመ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ደብተሩን ይዞ መጣ። ሦስቱንም ቀን ጽፎታል፤ ከነቁጥሩ። «ከአሥር ስንት ነው?» የሚለው ላይ ለመጀመሪያው ሌሊት 2 ብሏል። ሐራራ ሳይኖረው ነው የጀመረው። ሰው ሰጠው፣ ተቀበለ። ለዚህ አልተዘጋጀንም ነበር። እኛ የተዘጋጀነው ለስድስት ሰዓት ነው፤ ይህ ደግሞ የይሉኝታ ጫት ነው። ድንኳን ውስጥ የተዘረጋን እጅ መመለስ ስድብ ይመስላል።

ያን ቀን ስለ አንጎል አላወራሁም። እጅ ሲዘረጋ የሚናገረውን ቃል ቢሮዬ ውስጥ ተለማመድን። «አመሰግናለሁ» አይበቃም፤ ሰው ይጫናል። «ሐኪም ከልክሎኛል» የሚለው ሠራ፤ በአገራችን ማንም አይከራከረውም። ሰርቪሱን በዚያው ቀን ቀጠለ።

ለሙያ ባልደረቦቼ

ተመልሶ የቃመን ሰው «ስንት ቀን ቆየህ?» ከማለት በፊት «የት ነበርክ? ስንት ሰዓት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የእኛ ሰው አዳማ ላይ የጸናውና ድሬ ላይ የወደቀው አንድ ሰው ነው። ወኔውን ብቻ ብንለካ ሁለቱን ማስታረቅ አንችልም ነበር።

ሌላ አገር ልኮ ማዳን ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን የሚመለስበትን ቀን ሳያቅዱ መላክ ዳገቱን ብቻ አይቶ ቁልቁለቱን መርሳት ነው። ቢቻል መኪናው ደንገጎ ሳይደርስ ዕቅዱ ይለቅ። በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ የት ነው የሚሆነው? ከማን ጋር? ምሳ በልቶ ነው ሳይበላ?

ቢሮ ውስጥ የወረደ ቁጥር አያታልላችሁ። የምትችሉ ከሆነ ሰውየው የሚውልበት ድረስ ውረዱ። ሁላችንም ጊዜ የለንም፣ አውቃለሁ። እኔም ስድስት ቀን ነው የሄድኩት። ጊዜ ከሌላችሁ ደግሞ ባለቤቱን ወይም ወንድሙን አሠልጥኑ፤ ሰዓት እያዩ ቁጥር መጠየቅ ብዙ ትምህርት አይጠይቅም።

ዕጣኑን አትርሱ። የቤት ውስጥ ምልክት ሰው አይጠረጥረውም። ቴርሞስ፣ ኦቾሎኒ፣ ፍራሽ፣ ቀዝቃዛ ኮካ፣ ሁሉም የበርጫው አካል ናቸው። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ እኔ እማማን አመስግኜ አልፋቸው ነበር።

ስለ ሥዕሉ ደግሞ፦ አንጎልን ለታካሚ ማስረዳት ከጠቀመው ብቻ ነው። እኔ የሣልኩት ለራሴ ነበር።

አሁን

ይህን የምጽፈው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ከለቅሶው ወዲህ አልቃመም። ከምሽቱ አራት ተኩል ላይ ይተኛል። ልጁን ሳይመታ ከርሟል። ሲጋራው ግን አልቀረም፤ እንዲያውም ትንሽ ጨምሯል። ለእሱ አዲስ ደብተር ጀምረናል፣ ገና አንድ ገጽ አልሞላም።

አሁን የሚያሳስበን ክረምቱ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሰርቪሱ ይቆማል፤ ስድስት ሰዓት እንደገና ባዶ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ሊነግረኝ መጣ። አንዲት ምሳ አብስላ ለሠራተኞች የምታደርስ ሴት አግኝቷል። ከሐምሌ 1 ጀምሮ ከአምስት ተኩል እስከ ሰባት ምሳቃውን እየዞረ ያድላል። ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሏል። ወጡ በመንገዱ ጉድጓድ እንዳይደፋበት የባጃጁን የኋላ ስፕሪንግ ሊያስቀይር ወደ ጋራዥ እየሄደ ነበር፤ ብዙም አልተቀመጠም።